ሰማዩ የጋራ፣ መረጃው የማን?

አንድ ተመራማሪ ጠይቆ በተፈቀደለት ቴሌስኮፕ ያነሳውን የኮከብ ምስል ዓለም ወዲያው ይየው ወይስ ለተወሰነ ጊዜ ለእሱ ብቻ ይቆይ? የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። መቼም ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ለፍቶ ዜና ያገኘ ሰው ሌላው እንዳይቀድመው ይሰጋል። የሀብል ቴሌስኮፕ መረጃ ለዓመታት 12 ወር ለጠያቂው ቡድን ብቻ ይቆይ ነበር፤ በኋላ ወደ 6 ወር ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ሥራ ሲጀምር ለትንንሽ ቡድኖች 12 ወር ሰጠ፤ የትልልቆቹ ፕሮግራሞች ግን ወዲያው ክፍት ሆነ።

እኛን ምን አገባን? የምኖረው ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ክረምቱ ደመና ነው። በበጋ ደግሞ አዲስ አበባ ከታች፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከዙሪያ በመብራታቸው ሰማዩን ያደበዝዙታል። (በየሰፈሩ መብራት ይግባልን የምንለው እኛው ነን፤ ማንን እንወቅሳለን!) ስለዚህ ተመራማሪዎቻችን ሌሎች በሰበሰቡት ክፍት መረጃም መሥራታቸው ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሮበርት ዊልያምስ ሀብልን ለ10 ቀን ባዶ በሚመስል የሰማይ ጥግ ላይ አሳርፎ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች የታዩበትን ምስል ያለ ገደብ ለሁሉም ለቀቀው።

ታዲያ ሁሉም ወዲያው ይከፈት? ለድሃ አገር ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ። እሽቅድድም ከሆነ የሚቀድመው ፈጣን ኮምፒውተርና ብዙ ረዳት ያለው ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ያን ሰሞን የጠየቀው ምስል የደረሰለት ኢትዮጵያዊ ቢኖርና ገደብ ባይኖር፣ መስመሩ ሲመለስ ሌላው ጽፎ ጨርሶ ይጠብቀው ነበር።

ቀን የሌለው ጥበቃ ግን ሌላ ነው። ከሰማይ ወደ ምድር ልውረድና፣ አፋር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው የአርዲ አጽም ሙሉ ጥናቱ የወጣው በ2009 ነው። አጥንቱ ሲነኩት የሚፈረፈር ስለነበር ሥራው አድካሚ ነበር፤ ቢሆንም ከቡድኑ ውጭ ያሉ ባለሙያዎች 15 ዓመት ጠብቀው አጉረምርመዋል።

እንደኔ እንደኔ፣ ተማሪና ትንሽ ቡድን 12 ወሩን ያግኙ። እንጦጦ ላይ ለሚነሳው ምስልም ቢሆን የሚከፈትበት ቀን ገና ቴሌስኮፑ ሳይዞር ይጻፍ።