የአውሮፓ ጥንታዊ ብርና ፖርሴሊን፦ ማኅተሙ የሚናገረውና የማይናገረው

በጠገራ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ከእርሷ ሞት በኋላ ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ ጭምር ያንኑ መልክና ያንኑ 1780 እየቀረጹ ብሩን ሲመቱት ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ1945 ባደረገችው የገንዘብ ለውጥ ከመገበያያነት እስካስወጣችው ድረስ፣ በነጋዴው እጅ ሲዘዋወር ከነበረው ጠገራ ውስጥ ብዙው ንግሥቲቱ ካረፈች ከረጅም ዘመን በኋላ የተመታ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነጋዴው ግን በዚህ አልተጎዳም። የሚቀበለው ብሩን እንጂ ዓመቱን አልነበረምና።

በጥንታዊ የአውሮፓ የብር ዕቃና የፖርሴሊን ምስል ገበያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ገበያ ገንዘብ የሚከፈለው ለዘመኑ፣ ለሠሪው እጅና ዕቃው ለደረሰበት ይዞታ ነው። በለንደን፣ በፍራንክፈርት ወይም በዋሽንግተን የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የሚዘዋወር ወገን ወይም ገንዘቡን በቅርስ መልክ ለማስቀመጥ የሚያስብ ባለሀብት በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ማኅተም ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ነው። ማኅተም የጥያቄ መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም።

ሁለት ዋጋ በአንድ ዕቃ

የብር ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ቀልጦ ቢሸጥ የሚያወጣው የማዕድኑ ዋጋ ነው። ሁለተኛው የእጅ ሥራውና የዘመኑ ዋጋ ነው። የመጀመሪያውን ማንም በሚዛንና በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል።

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 70 ግራም የሚመዝኑ 12 የእራት ሹካዎች በድምሩ 840 ግራም ይሆናሉ። የእንግሊዝ ስተርሊንግ ብር ከ1,000 እጅ 925 እጁ ንጹሕ ብር በመሆኑ በሹካዎቹ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 777 ግራም ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚመዝነው በትሮይ አውንስ ሲሆን አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ ሹካዎቹ 25 አውንስ ያህል ብር ይዘዋል። አውንሱ 30 ዶላር በሆነበት ቀን 750 ዶላር፣ 40 ዶላር በሆነበት ቀን 1,000 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ ላይ አቅላጩ የድካሙን ይቀንሳል።

ይህ ስሌት የማይሠራባቸው ዕቃዎች አሉ። የገበታ ቢላዋ ስለቱ ብረት ነው፤ እጀታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስስ ብር ሆኖ ውስጡ በሙጫ መሰል ነገር የተሞላ ነው። ብዙ የሻማ መቅረዞችም እንዳይወድቁ ሲባል እግራቸው በሌላ ነገር ይሞላል። እነዚህን በጠቅላላ ክብደታቸው የገዛ ሰው ሙጫና ብረት በብር ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

የሁለቱን ዋጋዎች ልዩነት ካሳዩ ጊዜያት አንዱ 1980 ነው። የቴክሳስ ባለሀብቶች የሆኑት የሃንት ወንድማማቾች የዓለምን የብር ገበያ ጠቅልለው ለመያዝ ባደረጉት ሙከራ በዚያ ዓመት ጥር ወር የአውንሱ ዋጋ ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። በዚያው ዓመት ማርች 27 ቀን ግን ከ11 ዶላር በታች ወረደ። ዋጋው በናረበት ጊዜ እጅግ ብዙ አሮጌ ሰሃን፣ ማንኪያና ማንቆርቆሪያ ወደ ማቅለጫ ገባ። ተራው ዕቃ ቀልጦ ባለቤቱ ቢያተርፍ የሚያስቆጭ አልነበረም። የታዋቂ አንጥረኛ ሥራ በክብደቱ የሸጠ ሰው ግን ሁለተኛውን ዋጋ ለእሳት ሰጠ። የእሳት ዋጋ ደግሞ አይመለስም።

የእንግሊዝ ማኅተም እንዴት ይነበባል?

ለጀማሪ የእንግሊዝ ብር ይቀላል። የማኅተሙ ሥርዓት ከ1300 ጀምሮ በሕግ የተያዘ በመሆኑ አንድ ዕቃ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ትናንሽ ምልክቶችን ተሸክሞ ይገኛል። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ጥያቄ ይመልሳል።

አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ ጎን የሚራመደው አንበሳ ከ1544 ጀምሮ የገባ ሲሆን የብሩን ጥራት ያረጋግጣል። ሁለተኛው ዕቃው የተፈተሸበትን ከተማ ይናገራል። የነብር ራስ ለንደን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም፣ ግንብ ኤድንብራ ነው። ሼፊልድ ከ1773 ጀምሮ ዘውድ ስትጠቀም ቆይታ በ1975 በጽጌረዳ ለውጣዋለች። የለንደኑ ነብር እስከ 1821 ድረስ ዘውድ የደፋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘውዱን አውልቋል። ሦስተኛው ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ነው። ፊደሉ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ዙሩ ሲያልቅ የፊደሉ አጣጣልና የጋሻው ቅርጽ ይለወጣል። በመሆኑም ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትን ጋሻም ከማኅተም መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። አራተኛው የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ደግሞ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ይጨመርበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ለበዓላት የተመታ የነገሥታት ራስ ስላለ ከዓመቱ ፊደል ጋር ማገናዘብ ያስፈልጋል።

ዋጋን ከፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ስም ነው። ፖል ደ ላሜሪ፣ ፖል ስቶር፣ እንዲሁም ባሏ ከሞተ በኋላ የቤተሰቡን ሥራ ይዛ ያስፋፋችው ሄስተር ቤትማን ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጓቸው የለንደን አንጥረኞች ናቸው። ማጭበርበርም የሚበዛው ስም ባለበት ነው። አንዱ የታወቀ ዘዴ ከትንሽ ዕቃ ላይ እውነተኛ ማኅተም ቆርጦ በትልቅ ዕቃ ላይ መበየድ ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፤ ዕቃው ግን የእርሱ አይደለም። ልምድ ያለው ገዢ በማኅተሙ ዙሪያ ትንፋሹን እፍ ይልበታል። ጉሙ ሲያርፍበት የብየዳው መስመር ብቅ ይላል። በዚሁ ዘዴ ተፍቆ የጠፋ የቤተሰብ ዓርማም ይታወቃል፤ በተፋቀበት ቦታ ብሩ ስለሚሳሳ በጣት ሲጫኑት እሺ ይላል።

በሌሎች አገሮች ምልክቱ ሌላ ነው። ፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ የሚኔርቫን ራስ ትጠቀማለች፤ አንደኛው ደረጃ 950፣ ሁለተኛው 800 እጅ ብር ነው። ጀርመን ከ1888 ጀምሮ ጨረቃና ዘውድ ከቁጥር ጋር ትመታለች፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 800 ነው። በዘውዳዊቷ ሩሲያ ዕቃ ላይ 84 የሚል ቁጥር ቢገኝ ከመቶ 84 ማለት አይደለም። በአገሩ መለኪያ ከ96 እጅ 84 ማለት ስለሆነ 875 ይሆናል። ጠገራ ብር በበኩሉ 833 መሆኑን ልብ ይሏል።

የቅቡ ወጥመድ

በ1743 አካባቢ ቶማስ ቦልሶቨር የተባለ የሼፊልድ ሰው በመዳብ ላይ ስስ የብር ንጣፍ አጣብቆ መዳመጥን አገኘ። ይህ አሮጌ የሼፊልድ ቅብ ራሱን ችሎ ይሰበሰባል፤ ጠርዙ ሲገለጥ ቀይ መዳብ ያሳያል። በ1840 ኤልኪንግተን የተባለው ድርጅት በኤሌክትሪክ የመቀባት መብት ካስመዘገበ በኋላ ግን ርካሽ ቅብ ዓለምን አጥለቀለቀው።

ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ. የሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉበት ዕቃ ብር አይደለም፤ የብር ቅብ ነው። ከሥሩ ያለው «የኒኬል ብር» ወይም «የጀርመን ብር» የሚባለው ቅይጥ በስሙ ብር ይሁን እንጂ የተሠራው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ነው። ፋብሪካዎቹ ፊደላቱን በትናንሽ ጋሻዎች ውስጥ እያስቀመጡ በሩቁ የእውነተኛ ማኅተም ሰልፍ እንዲመስሉ ያደርጓቸው ነበር። አንበሳው ከሌለ ችኮላ አያስፈልግም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

የማይሰን ሰይፎች

ፖርሴሊን እንደ ብር ቀልጦ አይሸጥም። የተሰበረ ምስል የመጨረሻ ዋጋው ወደ ምንም የሚጠጋ ነው። በዚህ የተነሣ አደጋው ከብር ይበልጣል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለዚህ ዕቃ የነበረው ጥማት ዛሬ የማይታመን ነው። በ1717 የሳክሶኒው ገዢ «ብርቱው» አውግስጦስ 600 ፈረሰኛ ወታደሮችን ለፕሩሲያ ንጉሥ ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃዎችን ተቀብሏል። ይኸው ገዢ ቀደም ሲል በ1710 በማይሰን ከተማ በአውሮፓ የመጀመሪያውን የእውነተኛ ፖርሴሊን ፋብሪካ አቋቁሟል። ምስጢሩን በማግኘት ስሙ የሚጠራው ዮሐን ፍሪድሪሽ በትገር ነው። ትናንሾቹን ምስሎች ለዝና ያበቃቸው ግን ከ1731 ጀምሮ በፋብሪካው የሠራው ቀራጩ ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር ሲሆን፣ ቀልደኞቹ አርለኪኖችና የጦጣዎቹ የሙዚቃ ቡድን ከእርሱ ዘመን የመጡ ናቸው።

የማይሰን ምልክት ሁለት የተጠላለፉ ሰማያዊ ሰይፎች ናቸው። ከ1720ዎቹ ጀምሮ አገልግሏል። ችግሩም ከዚህ ይነሣል። አንደኛ፣ ፋብሪካው የድሮ ሞዴሎቹን በ19ኛውም በ20ኛውም ክፍለ ዘመን ደጋግሞ ሠርቷል፤ ዛሬም ይሠራል። አንዱ አርለኪን የ1740ዎቹ፣ መንትያው የ1880ዎቹ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነተኛ ማይሰን ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የጠገራው 1780 ታሪክ እዚህ ተመልሶ ይመጣል፤ ልዩነቱ እዚህ ገዢው መጎዳቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሰይፎቹን ሌሎችም አስመስለው ሥለዋቸዋል። በ1845 በፓሪስ የተቋቋመው የሳምሶን ድርጅት የትላልቅ ፋብሪካዎችን ሥራ አስመስሎ በመሥራት ይታወቃል። በድሬዝደንም ሄለና ቮልፍዞን የተባለች ነጋዴ የአውግስጦስን የስም ፊደላት በዕቃዎቿ ላይ ስትጠቀም ቆይታ ማይሰን በፍርድ ቤት አስቁሟታል። ሦስተኛ፣ ሰይፎቹን አቋርጠው የሚያልፉ የተፋቁ መስመሮች ካሉ ፋብሪካው ራሱ ዕቃውን ሁለተኛ ደረጃ ብሎ አውጥቶታል ማለት ነው።

አንድ ቀላል መመዘኛ የአገር ስም ነው። አሜሪካ በ1890 ያወጣችው የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዝ አስገደደ። ከሥሩ የአገር ስም በእንግሊዝኛ የታተመበት ምስል «የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ከተባለ ገዢው ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ።

የጥገና ጉዳይም አለ። በምስሎች ላይ ቀድመው የሚሰበሩት ጣቶች፣ አበቦችና የባርኔጣ ጠርዞች ናቸው። ጥሩ ጠጋኝ ስብራቱን በዓይን እንዳይታይ አድርጎ ይሸፍነዋል። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ግን አዲሱ ቀለምና ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ከቀረው ገላ ተለይቶ ያበራል።

ብዛትም ዋጋ ገዳይ ነው። የጀርመኑ ጎብል ፋብሪካ ከ1935 ጀምሮ በአንዲት መነኩሲት ሥዕሎች መነሻነት የሠራቸው የሁመል ሕፃናት በአሜሪካ ከፍተኛ ገበያ ነበራቸው። ሰብሳቢዎቹ አርጅተው ስብስቡ በአንድነት ወደ ገበያ ሲወጣ የአብዛኛዎቹ ዋጋ ወደቀ።

ከመዶሻው በኋላ

በጨረታ ቤት የሚገዛ ሰው የመዶሻው ዋጋ የመጨረሻ ዋጋ አለመሆኑን ይወቅ። በብዙ ትላልቅ ቤቶች ገዢው ሩብ ያህል ኮሚሽን ይጨምራል፤ ሻጩም የራሱን ይከፍላል። በ1,000 ዶላር የተመታለት ዕቃ በ25 በመቶ ኮሚሽን 1,250 ዶላር ያስወጣዋል። ያንኑ ዕቃ መልሶ ሲሸጥ 15 በመቶ ቢቆረጥበትና ገንዘቡን ብቻ ለመመለስ ቢፈልግ፣ መዶሻው 1,470 ዶላር ላይ መውደቅ አለበት። ዋጋው 47 በመቶ እስኪያድግ ድረስ ትርፍ የለም። ኢንሹራንስ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልተነኩም። ስለዚህ ይህ ንግድ የጥቂት ወራት ገንዘብ ማዞሪያ አይደለም።

ሕጉም መታየት አለበት። የድሮ የብር ማንቆርቆሪያ እጀታው እንዳያቃጥል ብዙ ጊዜ የዝሆን ጥርስ ቀለበት ይገባበታል። እንግሊዝ በ2018 ያወጣችውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ መሸጥ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። ከ1947 በፊት የተሠራና ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ተመዝግቦ ሊሸጥ ይችላል።

ለጀማሪ የሚበጀው መንገድ ጠባብ ነው። አንድ አገርና አንድ ዓይነት ዕቃ መምረጥ፤ ለምሳሌ የ1800ዎቹን የለንደን ማንኪያዎች። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና የግራም ሚዛን መያዝ። ከመግዛት በፊት በሙዚየምና በጨረታ ትርኢት ብዙ ዕቃ ማየት፣ የሚፈቀደውን በእጅ መያዝ። ዓመቱን፣ ሠሪውንና ጥገናውን የሚገልጽ ደረሰኝ መጠየቅ። ሻጩ «ጥንታዊ ነው» ብሎ በቃል ከተናገረና በጽሑፍ ለማስፈር ካቅማማ፣ ዋጋው በዚያው ተነግሯል። ከተገዛም በኋላ ብሩን በየሳምንቱ አለመፈግፈግ፤ መፈግፈግ ማኅተሙን ይበላዋል። ማኅተሙ የተበላ ዕቃ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ዋጋ፣ ወደ ሚዛኑ፣ ይመለሳል።