የሠዓሊን ሕይወት ለምታነብ ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ጉዱማሌ ከዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ስታነቢው ያገኘሁሽ መጽሐፍ የድሮ እንግሊዛውያን ሠዓሊዎችን፣ አርክቴክቶችንና ካርቱኒስቶችን ኑሮ የሚተርክ ነበር። «ጋሼ፣ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሐዋሳ ላለሁት ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሐይቁ ዳር ሰው በዝቶ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩልሽም። አሁን በጽሑፍ ልስጥሽ። ከመጽሐፍሽ ጋር እንዲገጥምልሽ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

1. ከሁሉ በፊት እንጀራው ከየት ይመጣ እንደነበር ጠይቂ። ዊሊያም ሆጋርት በ1697 ለንደን ተወለደ። አባቱ የላቲን መምህር ነበር፤ ላቲን ብቻ የሚነገርበት ቡና ቤት ከፍቶ ከሰረ፣ በዕዳም ታሰረ። ልጁ በብር ዕቃ ላይ ምልክት የሚቀርጽ ባለሙያ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው ገንዘብን አይንቅም። በ1732 ያሳተማቸው ተከታታይ ሥዕሎች ወዲያው እየተገለበጡ በርካሽ ሲቸበቸቡ አየ፤ ከሙያ ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖም ፓርላማውን ደጅ ጠና። በ1735 የወጣው ሕግ ለሕትመት ሥዕል ባለቤት የ14 ዓመት መብት ሰጠ። የሆጋርት ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ ቀጣዩን ትልቅ ሥራውን ሕጉ እስኪጸና ድረስ ሳያወጣ ይዞ ቆየ። እኔ ከቀለም ችሎታው ይልቅ ይህን ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። እኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን (ይኼኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ ጎረቤትሽ ካሉ ሠዓሊዎች ግን ስንቱ አንብቦት ይሆን? ሥዕልሽን በስልክ ከመልቀቅሽ በፊት ስምሽንና ዓመቱን ጻፊበት።

2. ሠዓሊው እጁ ሲደክም አጠገቡ የነበረው ማን እንደሆነ ፈልጊ። ጄምስ ጊልሬይ ናፖሊዮንን አጭርና ቁጡ ሰው አድርጎ እየሣለ እንግሊዝን ሁሉ ያሳቀ ካርቱኒስት ነው። በራሱ ንጉሥም ላይ ሳይቀር አሹፏል። የሚኖረው ግን ሐና ሃምፍሪ ከምትባል አሳታሚ ሱቅ በላይ ነበር፤ ሥራዎቹን የምታሳትመውም፣ በመስኮት ዘርግታ የምትሸጠውም እርሷ ናት። ዓይኑ ደከመ፣ ቀጥሎም አእምሮው ታወከ፤ በ1815 እስኪሞት ድረስም ያስታመመችው እርሷው ናት። መጽሐፍሽ ለእርሷ ስንት መስመር እንደሰጣት እስቲ ቁጠሪና ንገሪኝ።

3. በእኛ አገር በኩል ያለፉትን ስታነቢ ዓይንሽን ክፈቺ። ሄንሪ ሳልት የመልክ ሥዕል የተማረ የሊችፊልድ ልጅ ነው። በ1805 ከሎርድ ቫለንሺያ ጉዞ ጋር መጥቶ ትግራይ ገባ፤ የአክሱምን ሐውልት ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1809 ታትመው ወጡ። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን ፈረንጅ አክሱምን ያወቀው በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሪቻርድ ሆምዝ ግን ሌላ ነው። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ደረሰ፤ የአፄ ቴዎድሮስን አስከሬን ፊት ሣለ። ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕልም ወስዶ ለራሱ አስቀረ። የሣለውም የወሰደውም እጅ አንድ ነው። ስለዚህ የሥዕሉን ማማር አይተሽ የሰውየውን ሻንጣ ሳትፈትሺ አትለፊ።

4. የእኛዎቹንም በእነዚሁ ጥያቄዎች አንብቢያቸው፤ ስላከበርናቸው ብቻ አትለፊያቸው። አፈወርቅ ተክሌ በ1932 አንኮበር ተወለዱ፤ በ1947 እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ወደ ሥዕል ዞረው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ «ጥሪውን ሰማ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያስደንቀኝ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርእይ ካሳዩ በኋላ ተመልሰው አውሮፓን ዞሩ፣ ባለቀለም መስታወት እንዴት እንደሚሠራ ተማሩ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉትን የራሳችንን የብራና ሥዕሎች መረመሩ። የአፍሪካ አዳራሽ ሲሠራ እጃቸው ዝግጁ ነበረ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል የዚያ ዝግጅት ፍሬ ነው። አንቺ አርክቴክቸር እየተማርሽ ስለሆነ ደግሞ ይህን አስቢ፦ የአዳራሹ አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ለመስታወቱ የሚሆን ግድግዳ ባይተው ኖሮ ሥዕሉ የት ይቆም ነበር?

እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 ወደ ለንደን ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዱ። «የጁጁ ሠርግ» የተባለ ሥራቸውን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛው። አዲስ አበባ ላይ ያስተማሩት ከ1966 እስከ 1969 ብቻ ነው፤ ተማሪዎቻቸው ግን ዛሬም ከእርሳቸው ያገኙትን ይናገራሉ። ከዚያ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 አስተማሩ፤ በ2003 አረፉ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ልጅ፣ ገጣሚም ናቸው። ኮሎኝ ተምረው መጥተው ረቂቅ ሥዕል ሲያሳዩ ሰው ግራ ተጋባ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሎውተን በምትባል ከተማ፣ በስደት ሞቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የተሰየመ ሙዚየም አለ። ሰውየው በባዕድ አፈር፣ ሥራው በአገሩ፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አለ ፈለገሰላምን አትርሺ። ቺካጎ ተምረው ተመልሰው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል። ትምህርት ቤት የሚያቆም ሰው ሸራው ላይ የሚያውለውን ሰዓት ለሌሎች ልጆች እየሰጠ ነው። ተሟጋች ካለ ይምጣ፤ የእርሳቸው ትልቁ ሥራ ተማሪዎቻቸው ናቸው።

5. ከሠዓሊዎች ሕይወት ስካርና ዕብደት አትቅጂ።

6. የአርክቴክት ሥራ ዕድሜው የማይታመን እንደሆነ ከወዲሁ እወቂ። ጆን ሶን የግንበኛ ልጅ ነው፤ የእንግሊዝ ባንክን ሕንፃ የሠራው እርሱ ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አብዛኛውን አፈረሱት። የመኖሪያ ቤቱን ግን በ1833 በፓርላማ ሕግ እንዳለ እንዲጠበቅ አድርጎ ስለነበር ለንደን የሄደ ሰው ዛሬም ገብቶ ያየዋል። ባንኩን ያላዳነው ዝና ነው፤ ቤቱን ያዳነው ወረቀት ነው። የምትሠሪውን ንድፍ ሁሉ ግልባጩን አስቀሪ፤ ቀን ጻፊበት፤ ያሠራሽን ሰው ፊርማ ያዢ።

7. የመጨረሻውና ከባዱ ይህ ነው። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ ስትመጪ ከእርጥብ እንጨት የቆመውን ሁሉቃ፣ ከብቱም ሰዉም የሚሾልክበትን፣ አይተሻል። በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሁሉቃውን እንጨት የሚመርጠው፣ የሚያጎብጠው፣ የሚያስረው ሰው ስም ግን የት ተጻፈ? በደጋው፣ አርቤጎና በኩል፣ ቀርከሃ እየፈለጡ እየሸመኑ ቤት የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ። መጽሐፍሽ ውስጥ ካሉት እንግሊዛውያን በምን ያንሳሉ? ደብተር ይዘሽ ሂጂ። ከማን እንደተማሩ፣ የመጀመሪያ ቤታቸውን ለማን እንደሠሩ፣ ምን እንደተከፈላቸው፣ ቀርከሃው በየትኛው ወር እንደሚቆረጥና ለምን በዚያ ወር እንደሆነ፣ ሚስቶቻቸው ከሥራው የትኛውን እንደሚይዙ ጠይቂ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጂ። በሲዳምኛ የነገሩሽን በሲዳምኛ ጻፊ፤ ወደ አማርኛ መመለሱ ኋላ ይደርሳል። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ቡና ያዢ።

ብቻሽን ከከበደሽ ከፈተና በኋላ ንገሪኝ። ዳገት ጉልበቴ አይችልም፤ መኪና እስከሚደርስበት ግን አብሬሽ እመጣለሁ።