ከዱባይ እስከ አዲስ አበባ፦ የቲኬትዎን ሰዓት በትክክል ማንበብ



የሥራ ውልዎን ፈጽመው ወደ አገርዎ ሲመለሱ የጉዞዎ ዋስትና የአውሮፕላን ቲኬትዎ ነው። ሆኖም በቲኬቱ ላይ የሰፈረውን ሰዓት ባለመረዳት በረራ የሚያመልጣቸው ወገኖች አሉ። የመኖሪያ ፈቃዱ የተሰረዘ ሠራተኛ የመውጫ ጊዜው ካለፈበት ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች በጥሞና ያንብቡ።

1. ቀኑና ሰዓቱ። ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ሰዓቱም ከ00:00 እስከ 23:59 ይቆጠራል። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ፣ እስከ 06:59 ላለው 6 ይደምሩ፤ ከ07:00 እስከ 18:59 ላለው 6 ይቀንሱ፤ ከ19:00 ጀምሮ ላለው 18 ይቀንሱ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የሌሊት በረራ ነው። ቲኬትዎ «ማክሰኞ፣ ማርች 15፣ 01:30» የሚል ከሆነ፣ በረራው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:30 ነው። በቲኬቱ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነውና። ስለዚህ ከበረራው 3 ሰዓት አስቀድመው፣ ሰኞ መጋቢት 5 ከምሽቱ 4:30 አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለብዎት። ማክሰኞ ማታ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው።

2. የጉዞው ርዝመት። ከዱባይ አዲስ አበባ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥታ በረራ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይሁንና በ01:30 ተነሥተው በ04:30 እንደሚደርሱ ተጽፎ ቢያገኙ አይደናገሩ። የመነሻው ሰዓት የዱባይ፣ የመድረሻው የአዲስ አበባ ነው። ዱባይ በስተምሥራቅ በመሆኗ ሰዓቷ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 3 ሰዓት የመሰለው ጉዞ በእውነቱ 4 ሰዓት ነው። ቤተሰብዎ ሊቀበልዎ የሚመጣው በመድረሻው ሰዓት ነውና፣ ያንኑ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ይንገሩት።

ጉዞው ከዚህ እጅግ የረዘመ ከሆነ በሌላ አገር በኩል የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። የት እንደሚያርፉና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ፣ ሻንጣዎም በቀጥታ አዲስ አበባ ይደርስ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

3. መብትዎ። በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የደርሶ መልስ የመጓጓዣ ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ከደመወዝዎ ሊቆረጥ አይገባም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግም የመታወቂያ ሰነዶችዎን በእጅዎ የመያዝ መብት ይሰጥዎታል። ስለዚህ ፓስፖርትዎን በጉዞው ዕለት በር ላይ ሳይሆን አስቀድመው ይረከቡ።

በመጨረሻም ቲኬቱ እንደደረሰዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ከቤት የሚወጡበትን ቀንና ሰዓት ለአሠሪዎ በዋትስአፕ ጽፈው ይላኩ። አሠሪው ዘግይቶ ቢያደርስዎና በረራው ቢያመልጥዎ፣ ያ መልእክት ጥፋቱ የእርስዎ አለመሆኑን ለማስረዳት ይጠቅማል። ቲኬቱን ማንበብ ካዳገተዎ ከጉዞው ቀን በፊት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ያምጡት፤ አብረን እናነበዋለን።

መልካም ጉዞ።