ስለ እንቅርት ዕጢ መድኃኒትና ስለ ፅንስ ጤና

በአንገት ፊት ለፊት፥ ከማንቁርት በታች፥ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ሥራዋም ሰውነት ኃይልን በልክ እንዲጠቀም የሚያደርገውን ሆርሞን ማመንጨት ነው። ፅንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ይህን ሆርሞን ራሱ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ አእምሮው የሚታነጸው እናቲቱ በምታካፍለው ሆርሞን ነው።

በቅርቡ አንዲት መምህርት ወደ እኛ መጥታ፥ መፅነሷን እንዳወቀች የዕጢዋን መድኃኒት ማቆሟን ነገረችን። ይህን ያደረገችው በቸልታ ሳይሆን ለልጇ አስባ ነበር፤ ነገር ግን ልትሸሸው ወደ ፈለገችው አደጋ ትቀርብ ነበር። ስለሆነም የሁለቱን ሕመሞች ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ዕጢዋ ለደከመባት ሴት የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ስለሆነ በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ፅንሱን አይጎዳም። የሚጎዳው ማቆሙ ነው፤ ይኸውም ውርጃን፥ ያለጊዜው መውለድንና የሕፃኑን አእምሮ መድከም ሊያስከትል ይችላል። እንዲያውም በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ25 እስከ 30 እጅ ስለሚጨምር፥ የወር አበባ እንደ ቀረ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደም ማስመርመር ይገባል። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያሉ። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው የብረት ክኒንና ካልሲየም ግን ከእርሱ በ4 ሰዓት መራቅ አለባቸው፤ አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል።

ሁለተኛ፤ ዕጢዋ ከልክ በላይ ለምትሠራባት ሴት የሚሰጡት ካርቢማዞልና ሜቲማዞል፥ ይልቁንም ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት፥ በፅንሱ አካል ላይ ጉድለት ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፕሮፒልታዩራሲል በሚባለው ሊለውጣቸው ይችላል። ይህም ቢሆን አልፎ አልፎ ጉበትን ስለሚጎዳ፥ ዓይን ቢጫ ሲሆን ወይም ሽንት ሲጠቁር ሳይዘገዩ መታየት ነው። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ለእናትም ለፅንስም አስጊ ነው። ጨረር ያለው አዮዲን በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይሰጥም፤ የወሰደችውም ሴት ከመፅነሷ በፊት ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባት።

መምህራን ሆይ! ለጎረቤትና ለተማሪ ወላጆች ይህን አስረዱ፤ መድኃኒትን የሚጀምረውም የሚለውጠውም ሐኪም እንጂ ወሬ አይደለም። ከሁሉም የሚሻለው ከመፅነስ በፊት መመካከር ነው።