የአጥንት መሳሳት መርፌዎች፦ የትኛው ለማን?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እናቴ አጥንትሽ ሳስቷል ተባለች። እህቴ ከዓረብ አገር መርፌ ልላክላት ትላለች፤ የትኛው ይሻላል?» መልሱ የአንድ መድኃኒት ስም ጠርቶ መሸኘት አይደለም። ከእነዚህ መርፌዎች መካከል አንዴ ተጀምሮ ዝም ብሎ ሲቋረጥ ጉዳት የሚያመጣ አለና። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብለን እንማማር።

በቅድሚያ፣ በሽታው በእርግጥ የአጥንት መሳሳት ነው?

የአጥንት መሳሳት ስብራት እስኪመጣ ድረስ ድምፅ የለውም፤ አያምም። በዴክሳ ምርመራ ቲ-ስኮር የሚባለው ቁጥር ከኔጌቲቭ 2.5 ጀምሮ ወደ ታች ከሆነ አጥንቱ ሳስቷል እንላለን። ዴክሳ በየከተማው የሚገኝ አይደለም። ግን ያለ ዴክሳም ቢሆን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከቆሙበት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ፣ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ይህ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው።

ወገብ ስላመመ ብቻ ግን አጥንት ሳስቷል አይባልም። በእኛ አገር አከርካሪን ከሚያፈርሱት ውስጥ የአከርካሪ ቲቢና ካንሰርም አሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የእግር መዛል ካለ መጀመሪያ እሱ ይጣራ።

ሌላው፣ መርፌ ስለሆነ ብቻ ከእንክብል አይበልጥም። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው አሌንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይበሉና ጋደም ሳይሉ መቆየት ነው። ይህን ማድረግ ለማይችል፣ ጉሮሮው ወይም ኩላሊቱ ለማይፈቅድ፣ ወይም ስብራቱ ለከፋ ሰው ወደ መርፌ እንሄዳለን።

1. ዞሌድሮኒክ አሲድ

በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ግራም፣ በደም ስር፣ እንደ ጉሉኮስ ቢያንስ በ15 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። አጥንትን የሚበሉትን ሴሎች ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው በ3 ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራትን በ70%፣ የዳሌ ስብራትን በ41% ቀንሷል።

ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ለሁለት ሦስት ቀን እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ቁርጥማት ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ፤ ውሃና ፓራሲታሞል ይበቃዋል። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ35 በታች ለሆነ ሰው ግን አይሰጥም።

ትልቁ ጥቅሙ አጥንት ውስጥ የሚቆይ መሆኑ ነው። ቀጠሮው ጥቂት ቢዘገይ ድንገተኛ አደጋ አያመጣም። ፍሪጅም አይፈልግም።

2. ዴኖሱማብ

በየ6 ወሩ 60 ሚሊ ግራም ከቆዳ ስር ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት የአከርካሪ ስብራትን በ68%፣ የዳሌውን በ40% ቀንሷል። በኩላሊት በኩል ስለማይወገድ ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች አማራጭ ይሆናል። ነገር ግን ኩላሊታቸው በጣም ለተጎዳ፣ በተለይም ዲያሊሲስ ላይ ላሉ፣ ካልሲየምን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊያወርድ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ! ዴኖሱማብ ሲቋረጥ ተይዘው የነበሩት አጥንት በላ ሴሎች በአንዴ ይነቃሉ። የተገነባው አጥንት ይወርዳል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ብዙ የአከርካሪ አጥንቶች በተከታታይ ይሰበራሉ። መርፌው መስከረም 10 ከተወጋ ቀጣዩ መጋቢት 10 ነው፤ ሚያዝያ 10ን ማለፍ የለበትም። መቀጠል የማይቻል ከሆነ ዝም ብሎ መተው ሳይሆን ቀጠሮው ሲደርስ በሐኪም ወደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም አሌንድሮኔት መሻገር ነው።

የሙቀቱ ነገርም አለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከፍሪጅ ከወጣ ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ በካርቶኑ ውስጥ ለ14 ቀን ብቻ ይቆያል። ደብረ ሲና ላይ ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ ሻንጣ ሌላ አየር ውስጥ ነው ያለው።

3. አጥንት ገንቢዎቹ

ቴሪፓራታይድ በየቀኑ 20 ማይክሮ ግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ይወጋል። ሮሞሶዙማብ ደግሞ በወር አንዴ ለ12 ወር ነው። ስብራታቸው ለበዛና ለከፋ ሰዎች የሚታሰቡ ናቸው። ሁለቱም ፍሪጅ ይፈልጋሉ፤ ሲያልቁም አጥንቱን የሚጠብቅ ሌላ መድኃኒት መከተል አለበት፤ አለበለዚያ የተገነባው ይፈርሳል። አጥንት ላይ ጨረር ሕክምና የወሰደ ወይም የአጥንት ካንሰር ያለበት ሰው ቴሪፓራታይድ አይወስድም። ባለፈው አንድ ዓመት የልብ ድካም ምት ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ደግሞ ሮሞሶዙማብ አይወስድም።

ታዲያ የትኛው?

ኩላሊታቸው ደህና ለሆነ፣ ገጠር ወይም ከሆስፒታል ርቀው ለሚኖሩ እናቶች እኔ ወደ ዞሌድሮኒክ አሲድ አደላለሁ። በዓመት አንዴ ነው፤ መዘግየትን ይችላል። ዴኖሱማብ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በየ6 ወሩ ያለማቋረጥ መምጣቱ መረጋገጥ አለበት። ከውጭ የሚልክ ሰው ኮንትራቱ ሊያልቅ፣ መንገድም ሊዘጋ ይችላል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ መድኃኒት መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት «ሦስተኛውና አራተኛውስ ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከመርፌው በፊት እነዚህን አትርሱ፦

👉 ካልሲየምና የኩላሊት ምርመራ ይሠራ፤ ከተቻለ ቫይታሚን ዲም። ፀሐይ አገር መኖር ብቻ ዋስትና አይሆንም።

👉 የሚነቀል ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነቀልና ቁስሉ ይዳን። ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት ያበላሻሉ።

👉 መጠኑን አንብቡ። የዞሌድሮኒክ አሲድ 4 ሚሊ ግራምና የዴኖሱማብ 120 ሚሊ ግራም ለካንሰር ሕሙማን የተዘጋጁ ናቸው፤ ስሙ አንድ ነው ብላችሁ አትግዙ፣ አታስልኩ።

👉 ሕክምና ላይ እያሉ ያለ አደጋ ጭን ወይም ብሽሽት ላይ አዲስ ሕመም ከመጣ ለሐኪም ይነገር።

መርፌው ብቻውንም አይበቃም። ወተት፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ ይብሉ፤ እንደ አቅማቸው ይራመዱ። ሌሊት ሲነሡ መብራት ይኑር፤ ለዳገት ቁልቁለቱ ምርኩዝ፣ ለዓይን ሞራው ሕክምና። ያልወደቀ ሰው ዳሌው በቀላሉ አይሰበርም።

እናት ወይም አባታችሁ ዴኖሱማብ ጀምረው ከሆነ፣ ዛሬውኑ መጨረሻ የተወጉበትን ቀን ቁጠሩ። 6 ወር ከሞላው ነገ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉ።