የኦርክ ሕፃናትና የፓላዲኑ መሐላ

ጥያቄ፦ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ስንጫወት፥ እኔ መሐላ ያለብኝ ፓላዲን (ቅዱስ ተዋጊ) ሆኜ ሳለሁ፥ በዋሻ ውስጥ ኦርክ የተባሉ ጭራቆች ሕፃናት አገኘን፤ ጓደኞቼ «ዘራቸው ክፉ ነውና ይገደሉ» አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ይህ ጨዋታ ጭራቁን ከነጠባዩ ጽፎ ቢሰጥም፥ ኦርክን አስቀድሞ በልቦለዱ የሣለው ካቶሊካዊው ቶልኪን ራሱ፥ ክፋት አጥፊ እንጂ ፈጣሪ አይደለም ብሎ ስላመነ፥ የነፍሳቸው ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያስጨንቀው ኖሯል። እኔስ የቅዱስ መርቆሬዎስን ገድል አስባለሁ፤ አያቱን የበሉት ሁለት ገጻተ ከለባት (የውሻ ፊት ያላቸው ፍጥረታት)፥ በአባቱ ላይ ሊነሡ ሲሉ በመልአክ ተገትተው፥ ጠባያቸው ወደ የዋህነት ተለውጦ አገልጋዮች ሆኑ። ስለዚህ ሰይፍህን ወደ አፎቱ መልስ፤ ነገር ግን ማን ያበላቸዋል፥ ማንስ ያሳድጋቸዋል የሚለውን ቀንበር አንተው ተሸከም፤ የጨዋታውን መሪም የሚቀጥለውን ታሪክ ከዚያ እንዲጀምር ለምነው።