የተዋጊ ጄት ሚሳይል፤ የግዢው ዋጋ ሌላ፣ የምቱ ዋጋ ሌላ

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 4 እስከ 12 ቀን 2023 ባሉት ዘጠኝ ቀናት የአሜሪካ ተዋጊ ጄቶች በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ አራት ነገሮችን መትተው ጥለዋል። የመጀመሪያው አሜሪካ «ለስለላ የተላከ ነው» ያለችው ግዙፍ የቻይና ፊኛ ነበር። ስለቀሩት ሦስቱ ፕሬዚዳንት ባይደን ኋላ ሲናገሩ፣ የግል ኩባንያዎች፣ የመዝናኛ ወይም የምርምር ተቋማት ፊኛዎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገልጸዋል። ለሥራው አምስት ኤይም 9 ኤክስ ሳይድዋይንደር ሚሳይሎች ተተኩሰዋል። የአንዱ ዋጋ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አራት ይበቃ የነበረው አምስት የሆነው፣ ሂውረን ሐይቅ ላይ የተተኮሰው የመጀመሪያው ሚሳይል ዒላማውን ስቶ ውኃ ውስጥ በመግባቱ ነው።

ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለፊኛ! ይህን የሰማ ነጋዴ «ገዢው ተሞኘ» ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና የሚሳይል ሒሳብ በአንዱ መግዣ ዋጋ ብቻ አይሠራም። ስንት ተተኩሶ ስንቱ መታ? የተመታውስ ነገር ምን ያወጣል? ሒሳቡ የሚያዘው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ለመሆኑ 400 ሺህ ዶላሩ የት ገባ? ብረቱ ውስጥ አይደለም። ሳይድዋይንደር በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ በረሃ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራ አሮጌ ሸቀጥ ነው። አዲሱ ኤክስ ሞዴል ሲሠራ እንኳ ሞተሩና ፈንጂው ከቀድሞው ሞዴል ተወስደዋል። የተለወጠው በዋናነት ጭንቅላቱ ነው። የጥንቱ ዓይን የሞተር ሙቀት ወዳለበት ዝም ብሎ የሚሮጥ ስለነበር ፀሐይና ደመና ሳይቀር ያታልሉት ነበር። የአሁኑ ግን የሙቀት ምስል እያየ አውሮፕላኑን ለማሳት ከሚለቀቅ እሳት ይለያል። አብራሪው አፍንጫውን ወደ ጠላት ማዞር ሳያስፈልገው በራስ ቁሩ ወደ ጎን በማየት ብቻ ዒላማውን ያሳየዋል። ይህ መሣሪያም በነፃ አይመጣም፤ የኤፍ 35 አብራሪ የሚያጠልቀው የራስ ቁር ብቻውን ወደ 400 ሺህ ዶላር ያወጣል።

ዓይን ሲሻሻል ሒሳቡ እንዴት እንደሚገለበጥ የጦርነት መዝገብ ያሳያል። በቬትናም ጦርነት ስፓሮው የተባለው የራዳር ሚሳይል ዒላማውን የመታው ከአሥር አንድ ያህሉን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት እንግሊዞች የተኮሱት የተሻሻለ ሳይድዋይንደር ግን ከአሥር ሰባት ያህሉ መትቷል። (ውጤቱ የሚሳይሉ ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ የሚመጡት የአርጀንቲና አብራሪዎች ለመዋጋት የሚተርፍ ነዳጅ አልነበራቸውም።) ለምሳሌ ያህል 100 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሚሳይል ከአሥር አንዱ ቢመታ አንድ አውሮፕላን መጣያው 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። 400 ሺህ የሚያወጣው ከአሥር ሰባቱ ቢመታ ግን 570 ሺህ ገደማ ይሆናል። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው።

ኢትዮጵያም ይህን ገበያ በሩቁ የምታውቅ አገር አይደለችም። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ የኢትዮጵያ ኤፍ 5 ጄቶች ሳይድዋይንደር ታጥቀው የሶማሊያን ሚጎች ገጥመዋል። የሚያስገርመው፣ ሚግ 21 የሚታጠቀው የሶቪየት ሚሳይል ራሱ የሳይድዋይንደር ቅጂ መሆኑ ነው። በ1991 ዓ.ም. የካቲት ወር ደግሞ የኢትዮጵያ ሱ 27 ከኤርትራ ሚግ 29 ጋር ተገናኘ። በጊዜው የወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት ከሩቅ የተተኮሱት አር 27 ሚሳይሎች አብዛኛዎቹ ስተው፣ ቁም ነገር የሠራው አጭር ርቀት ተኳሹ አር 73 ነው። አር 27 በራዳር የሚመራው ዓይነት ደካማ ጎን አለው፤ ተኳሹ አውሮፕላን ሚሳይሉ እስኪደርስ ድረስ ራዳሩን ከዒላማው ላይ ሊነቅል አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1991 አገልግሎት ላይ የዋለው የአሜሪካው አምራም ይህን ችግር ያቃለለው የራሱን ትንሽ ራዳር አፍንጫው ውስጥ በመያዙ ነው። አብራሪው ከተኮሰ በኋላ ሊዞር ይችላል። የአንዱ ዋጋ አሁን ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። የገበያውን ስፋት ለመገመት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የአሜሪካ አየር ኃይል ከሬይቲዮን ኩባንያ ጋር የፈረመው የአምራም ውል ብቻ 3.5 ቢሊዮን ዶላር እንደነበር ማየት ይበቃል። 80 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አውሮፕላን ለሚጥል ወይም ለሚያድን መሣሪያ 1 ሚሊዮን ውድ አይባልም።

እዚህ ላይ የብረታ ብረት ነጋዴውም ጉዳይ ይገባል። የዘመናዊ ተዋጊ ጄት ራዳር እንደ ዱሮው የሚሽከረከር ሰሃን የለውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ማስተላለፊያዎች የተደረደሩበት ገበታ ነው። ለእነዚህ ጋሊየም፣ ለሙቀት ካሜራ ሌንስ ደግሞ ጀርማኒየም ያስፈልጋል። ጋሊየም የአሉሚኒየም ማዕድን ሲጣራ፣ ጀርማኒየም ዚንክ ሲጣራ የሚገኙ ተረፈ ምርቶች ናቸው። ስለዚህ ዋጋቸው ቢሰቀልም ምርቱን ለብቻው ማብዛት አይቻልም። የጋሊየም ጥሬ ምርት ከሞላ ጎደል በቻይና እጅ ነው። ቤጂንግ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሁለቱንም በፈቃድ ብቻ እንዲወጡ አደረገች፤ በዲሴምበር 2024 ለአሜሪካ እንዳይሸጡ ከለከለች፤ በኖቬምበር 2025 ደግሞ ክልከላውን ለጊዜው አነሳች። በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደንብ የተለወጠበትን ዕቃ በረጅም ውል መግዛት ከባድ ነው።

ሒሳቡ የተበላሸው ርካሽ ዒላማ በብዛት ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ኢራን ከ300 በላይ ሰው አልባ አውሮፕላኖችና ሚሳይሎች ወደ እስራኤል ስትለቅ የአሜሪካ ኤፍ 15 ኢ ጄቶች በርካታዎቹን ድሮኖች አየር ላይ አስቀርተዋል። አንድ ኤፍ 15 ኢ የሚይዘው ግን ስምንት ሚሳይል ብቻ ስለሆነ አንዳንዶቹ ጨርሰው ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ሻሂድ የተባለው የኢራን ድሮን ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር እንደሚያወጣ ይገመታል። በ1 ሚሊዮን ዶላር ሚሳይል እሱን እየጣሉ መቀጠል፣ ተኳሹ ባይስትም፣ ኪሣራ ነው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ዛሬ የታዘዘ ሚሳይል የሚደርሰው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

መልሱ የተገኘው ከአሮጌ መጋዘን ነው። 70 ሚሊሜትር የሆነው ተራ ሮኬት ወገቡ ላይ በሌዘር የሚመራ መሣሪያ ሲገጠምለት ከ25 ሺህ እስከ 40 ሺህ ዶላር ባለ ዋጋ ድሮን ይጥላል። ኤፍ 16 ጄቶች በቀይ ባሕር አካባቢ የሁቲዎችን ድሮኖች በዚሁ መትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤፍ 15 ኢ 42 ሮኬቶችን ከስምንቱ ሚሳይሎቹ ጋር ደርቦ ታይቷል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ሮኬቱ እስኪደርስ አብራሪው ሌዘሩን ዒላማው ላይ መያዝ አለበት፤ በፍጥነት የሚታጠፍ ተዋጊ ጄትን አይደርስበትም። በዚህም ምክንያት የሮኬቱ ትእዛዝ ሲጨምር የአምራም ትእዛዝ አልቀነሰም።